የአሶሳ ነፋስ በቀይ እስክሪብቶ

በበረራ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ንግግር ፈተና ወድቄ ለእረፍት አሶሳ ገባሁ። በእጄ አልታማም፤ አውሮፕላን አነሳለሁ፣ አሳርፋለሁ። የመቆጣጠሪያው ማማ ሲያናግረኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። አንድ ዕድል ቀርቶልኛል፤ እሱንም ከወደቅኩ ጓዜን ጠቅልዬ መሰናበት ነው።

ስለዚህ ስካነር ይዤ መጣሁ፤ የአብራሪና የማማ ንግግር የሚያሰማ የእጅ ሬዲዮ። በቀን አንድ ሁለት አውሮፕላን በሚያርፍበት ከተማ የበረራ ንግግር ልማር ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ያኔ ማን ይንገረኝ? ቀኑን ሙሉ የምሰማው ሽሽሽ የሚል የባዶ ሬዲዮ ድምፅ ነው። የተጠቀመው የሰፈራችን ባለባጃጅ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ መቃረቡን ከእኔ ሰምቶ ተሳፋሪ ሊያነሳ ይፈተለካል።

አባቴ መምህር ነው። ከወለጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ያረጀ፣ ኖት በማስገልበጥ ትውልድ የቀረጸ ሰው። ስካነሩን እንዳየ ደብተር አወጣ። ማማው ያለውን በቀይ፣ አብራሪው የመለሰውን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከእንግሊዝኛው እያስተረጎመኝ ጻፈ። ከዚያ ያፋጥጠኝ ጀመር።

«ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከምዕራብ፣ ቀላል።»

«ከዚያስ?»

«ለማረፍ ተፈቅዶልኛል።»

«ጎበዝ! አንዲት ቃል እንዳትስት።»

አልሳትኩም። በሳምንቱ ደብተሩን እንደ ዳዊት ደገምኩት። ምላሴ ተፈታ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። አባቴም ለጎረቤቱ ሁሉ «ካፒቴኑ» እያለ ያስተዋውቀኝ ገባ።

የፈተናው ቀን ማዳመጫዬን አጠለቅኩ። ፈታኙ ማማውን ሆኖ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ብርቱ እንደሆነ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ስላለ እንዳላርፍና ከላይ እንድዞር ነገረኝ። እኔም ሳልደናቀፍ፣ ጥርት ባለ ድምፅ መለስኩ፤ ነፋስ ከምዕራብ፣ ቀላል፤ ለማረፍ ተፈቅዶልኛል።

ፈታኙ ማዳመጫውን አወለቀ። «አነጋገርህ ያምራል» አለኝ። «ግን አሁን ስንት ሰው እንደጨረስክ ታውቃለህ?»

ጓዜን ይዤ አሶሳ ስደርስ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። የሆነውን ነገርኩት። ደብተሩን አምጥቶ ገጽ በገጽ ፈለገ፤ ምሥራቅ የሚል አጣ።

«ጥያቄውን ቀየሩብህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይሄማ ግፍ ነው!» አለ፤ ከልቡ።

ልስቅበት ነበር። ግን ከፈተናው ክፍል እያለቀስኩ ስወጣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።