የሙላቱ ምክር

ባሌ ሙላቱ ፈሪ ነው። አላማሁትም፤ ይኸው ሶፋው ላይ ተቀምጦ እየሰማኝ ነው የማወራው። ሌባ አይፈራም። ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ ሁለቴ ሽጉጥ ተደቅኖበታል፤ ሁለቴም ቤት መጥቶ ራቱን በልቶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ስምህን እዚህ ጻፍ ሲሉት ግን በር በሩን ያያል።

ከየት እንደመጣበት አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ንጉሡ እናቱ ቤት ተደብቆ ነበር። ቀበሌ ስኳር ለማደል የቤተሰብ ቁጥር ሲመዘግብ፣ እናትየው የሚበላ ሰው ተጨምሮባታልና የዋህ ሆና «አምስት ነን» አለች። ያ ቤት አራት ሰው እንደነበረው የሚያውቁት መጡ፣ አምስተኛውን ፍለጋ። በሩን የከፈተላቸው ሙላቱ ነው። ንጉሡ አልተመለሰም።

እንግዲህ ይሄ ሰው ባሕር ተሻግሮ ዊተን የሚባል ከተማ መጥቶ የሕንፃችን አማካሪ ሆነላችሁ! ሕንፃው ሐበሻ በሐበሻ ነው። እሱ በዲቪ ቀድሞ የመጣ፣ ሲቲዝን የሆነ፣ ዕድሜም ያለው ስለሆነ አዲስ የመጣው ሁሉ የቤት ኪራይ ውሉንም ኢንሹራንሱንም ይዞ እኛ ቤት ነው። ጋሼ ሙላቱ ካለ አለቀ።

የልጅ ልጃችን ሩሃማ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እናቷ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ አዛውንት የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ድርብ ሺፍት ስለምትሠራ የምታያት በሳምንት አንዴ ነው። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ ማንበብ አትችልም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች፤ መጽሐፉን አልጋ ሥር ትደብቃለች። ኋላ ሚስ ሰሊና የምትባል የንባብ አስተማሪ እሷንና ጥቂት ልጆችን ለብቻ እየወሰደች ማስተማር ጀመረች። አንድ ቀን ሩሃማ የወተቱን ካርቶን አንስታ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤት ምን ይለኛል አላልኩም። የሆድ ቁርጠቱም ተዋት።

በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት አለ። ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለና ገቢያችሁ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ሙላቱ በየዓመቱ ቀዶ ይጥለዋል። ባለፈው መስከረም ግን ዮዲ የምትባል ሴት ቤታችን መጣች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከወላጆች ጋር የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ የስቴቱ መንግሥት ለሁሉም ትምህርት ቤት እኩል አይሰጥም» አለችው። «ኑሮ የከበዳቸው ልጆች ለበዙበት ይጨምራል። አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅና የማይቀጠርለት ልጅ እንዳይራራቁ ነው። ሚስ ሰሊና የምትከፈለው ከዚያ ጭማሪ ነው። ታዲያ የሚቆጠረው ወረቀቱን የሞላ ሰው ነው፤ ከዚህ ሕንፃ አንድም አልሞላም። በወረቀት ስንታይ የሀብታም ትምህርት ቤት መስለናል። ቁጥሩ ካልሞላ በሚመጣው ዓመት የእሷ ቦታ ይዘጋል።»

«እኛ ችግረኞች አይደለንም፣ ልጄ» አላት ኮራ ብሎ። ወይ ኩራት! እሷ እንደወጣች በሩን ቆልፎ ወደ እኔ ዞረና «ማን እዚህ እንደሚኖር ለምን ፈለጉት?» አለኝ።

ልቀልድበት ፈለግሁ፣ አቃተኝ። በዚያ ሰሞን ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከገበያ አዳራሽ ደጅ ሰው ይዘው ሄዱ ይባል ነበር። ሲቲዝን ነኝ፤ ግን እኔም ጎመን ልገዛ ስወጣ ፓስፖርቴን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ነበር። ሙላቱ በዚያው ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረደና ላገኘው ሁሉ «እንዳትሞሉ» አለ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለትን ጎረቤታችንን ኪዳኔን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄዶ አስጠነቀቀው።

ሚስ ሰሊና ልትሄድ ነው የሚለው ወሬ ሩሃማ ጆሮ ገባ። ሆድ ቁርጠቱ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ሙላቱ ሻወር ቤት ሲገባ ወለሉ ላይ ተጠቅልላ አገኛት። አንስቶ ታቅፏት ሲወጣ ፊቱ የሱ ፊት አልነበረም።

«ብሩኬ፣ እስክሪብቶ» አለኝ።

ዮዲ ትታው የሄደችው ወረቀት ላይ የራሱን ስም ጻፈ። የእኔን ጻፈ። የሩሃማ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«በር ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«እዪው እስቲ።»

ሄጄ አየሁ። ተቆልፏል። ያኔ ጻፈው።

ቅዳሜ፣ ባዶ ወረቀቶች ከዮዲ ተቀብሎ፣ የራሱን ምክር ሊሽር በየቤቱ መዞር ጀመረ። አብሬው ነበርኩ። ኪዳኔ ቤት ስናንኳኳ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጸጥ አለ።

«ኪዳኔ፣ እኔ ነኝ፣ ሙላቱ።»

«ጋሼ? ብቻዎን ነዎት?»

በሩ ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት ድረስ ተከፈተ። ሙላቱ ወረቀቱን አሳየው። «ፈርሜያለሁ። ተሳስቼ ነው የነገርኩህ። አንተም ሙላ፣ ለልጆቹ ነው።»

ኪዳኔ ወረቀቱን አየ፣ ሙላቱን አየ፣ ከኋላችን ኮሪደሩን አየ። «ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፣ «ማን አስገድዶዎት ነው?»

«ማንም! ማንም አላስገደደኝም!»

«እሺ ጋሼ። እግዚአብሔር ያስፈታዎት» ብሎ ዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ሰማነው።

እናንተዬ፣ ያስፈታዎት! ሳይመሽ ወሬው ሕንፃውን አዳረሰው፤ ሙላቱን ይዘውት ስም ሰብስብልን ብለውታል ተባለ። ሊፍት ውስጥ ሰላም ሲል የሚኖሩበትን ፎቅ ቁልፍ ሳይጫኑ የሚቆሙ አሉ፣ በራቸውን እንዳያውቅ። ዮዲም ብትለምን፣ ብትምል ማንም አልከፈተላትም። ኪዳኔ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ከተማ፣ በልትስቪል ገባ። እኔም እቤቴ ተቀምጬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጥ ጀመር፤ እኛ የምናስፈራ ሰዎች ሆነን፣ እኛው ደግሞ ፈሪዎች!

ቁጥሩ አልሞላም። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሚስ ሰሊና ልጆቹን ተሰናበተች። ሩሃማ ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንዳዘለች ሙላቱ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ሚስ ሰሊና የሄደችው ስሎው ስለሆንኩ፣ ቶሎ ስለማይገባኝ ነው?»

«አይደለም የኔ ልጅ። ሰው ወረቀቱን እምቢ ብሎ ነው።»

«አንተ ግን ሳይን አድርገሃል አይደል?»

«አድርጌያለሁ።»

«ታዲያ ሌሎቹ ለምን እምቢ አሉ?»

ወደ ኩሽና ልሸሽ ተነስቼ ነበር።

«መጀመሪያ የነገርኳቸውን ስላመኑኝ» አላት።