የሰፈሩ ሁሉ አንድ ኢሜይል

ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ስንት ጊዜ ቆየሁ፤ አልበርድ አለ። እንግዲህ እንደጋለ እጽፈዋለሁ፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ ነገር ለቸገረው ሰው እሞላለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ ሳበላሽና ሳስተካክል፣ ሳስተካክልና ሳበላሽ ነው የለመድኩት። የሰፈሬ ሴቶች ስልካቸው እምቢ ሲላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሚሄዱት መንገዱ ማዶ ወዳለው ሞባይል ቤት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚደርሱት እዚያ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳን በማይታይበት ሰዓት፣ ጎረቤቴ በሬን ገፍታ ገባች። ሶማሌ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ቀላቅላ ነው የምታወራው። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እዚህ ውስጥ ሰው ገብቷል» አለችኝ።

ፎቶዎቿን ከፈትኩ። አንድ ሕፃን ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ በሳሙና አረፋ መሐል ይስቃል። የማን ነው ስላት፣ ወላሂ አላውቀውም አለች። የልጅ ልጅሽ እንዳይሆን አልኳት። ልጇ ያገባችው ገና በቅርብ ነበር። «ልጅ ከቀፊራ በኪሎ ነው እንዴ የሚገዛው?» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ታች ሳወርደው የማናውቀው ሳሎን መጣ፤ የማናውቀው መጋረጃ፣ የማናውቀው አልጋ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት፣ በስስ የቤት ልብስ፣ ጸጉሯን ትከሻዋ ላይ በትና። ጎረቤቴ የሻሿን ጫፍ ስባ ስልኩ ላይ አለበሰችው።

«አትይ» አለችኝ። «የሰው ሚስት ናት።»

የእኔ ሳቅ ግን ቀድሞ ቆሟል። የሰው ፎቶ እሷ ስልክ ላይ ከመጣ፣ የእሷስ የት ሄዷል?

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የሚከብድ ነገር የለውም፣ የሚነግረን ጠፍቶ ነው እንጂ። አዲስ ስልክ ሲከፈት ኢሜይል ይጠይቃል። ስልኩን እንዲያስቀምጥ ካዘዝነው፣ የምናነሳው ፎቶ ወደዚያ ኢሜይል ይሄዳል። ስልኩ ቢሰረቅ፣ ቢሰበር፣ ውሃ ቢበላው፣ በሌላ ስልክ ኢሜይሉንና ፓስዎርዱን ስናስገባ ፎቶው ተመልሶ ይመጣል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን ኢሜይሉ የራስሽ ከሆነ ነው። እኛ ሰፈር ኢሜይል የሚከፍተው ስልኩን የሸጠው፣ የማዶው ሞባይል ቤት ሰውዬ ነው። ሴትየዋ ስልኳን ትሰጠዋለች፣ ወንበር ስባ ስለ ሙቀቱ ታወራለች፣ እሱ ይነካካና «አለቀ» ብሎ ይመልስላታል። ኢሜይሌ ምን ይባላል ብላ አትጠይቅም። እሱም አይነግራትም። የቤቷን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት ዝም የምትለው ሴት የለችም፤ ይህን ግን ምርቃት ጨምራለት ትሄዳለች።

ጎረቤቴም መርቃዋለች። ከልጇ ሠርግ በኋላ ስልኬ ሞላ ብላ ወሰደችለት፤ እሱ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ኢሜይሉ አሳልፎ ከስልኩ ላይ ጠረገላት። ቦታ በመገኘቱ ደስ ብሏት ተመለሰች። አሁን ኢሜይሉን ሳየው የሱቁ ስም ነው። አወቅኩት። በሌላ ሴት ስልክ ላይ አይቼው ነበር፤ ያኔ የራሱን ረስቶ ትቶባት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ኢሜይሉ የተከፈተባቸውን ስልኮች የሚያሳየውን ቦታ ስከፍት ዝርዝሩ ወርዶ ወርዶ አላልቅ አለኝ። ያ ሁሉ ሴት አንድ ኢሜይል። የአንዷ ፎቶ የሁሉም ስልክ ላይ።

ጎረቤቴ እየቆየ ነው የገባት። ሲገባት ግን ወንበሩን ያዘች።

«የሂናውስ?» አለች።

የሂናውን ቀን እኔም ነበርኩ። ሠርግ ከመድረሱ በፊት ሴቶች ብቻ የምንሰበሰብበት ቀን ነው፤ ወንድ ደጁን አያልፍም። ሻሽ ይወልቃል፣ ጸጉር ይፈታል፣ ድሪያ የሚባለው ቀሚስ ይለበሳል፤ ድሪያ ደግሞ ስስ ነው፣ የሚያሳየው ይበዛል። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ወገቤን ይዤ ጨፍሬያለሁ። ስለዚህ በሩ ላይ የሙሽራዋ አክስት ሰፌድ ይዛ ትቆማለች፣ የገባችው ሁሉ ስልኳን እዚያ ታስቀምጣለች። አንዷ ደብቃ ብትገባ ጉድ ነው። ፎቶ እንዲያነሳ የተፈቀደለት አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ የእናትየዋ። እናት ናት፣ ማን ይጠረጥራታል። ሙሽራዋ በጸጉሯ፣ በክንዷ፣ በሳቋ ያለችው በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። የባሏ ቤተሰቦች ደግሞ ጥብቅ ናቸው፤ ምራታቸው በሰው ስልክ ላይ በጸጉሯ ታየች ቢባል ትዳሯን የሚያናጋ ነገር ነው።

ልጅቷን ጠራናት፤ ከባሏ ቤት በባጃጅ መጣች። እኔ ነገርኳት፤ እናትየው አልቻለችም። የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ሆዮ» አለች፤ እናቷን እንዲያ ነው የምትጠራት። «ያንቺን ስልክ ብቻ ነው እኮ የፈቀድኩት።»

ሱቆች እስኪከፈቱ አልጠበቅንም። ሰውዬው ከሱቁ ጀርባ ጫቱን ይዞ ተጋድሟል፤ አንኳኩተን አስነሳነው። ጉንጩ እንደሞላ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመ። ነገሩን ስነግረው አልደነገጠም። የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ አይደለም ያናደደኝ፣ አለመደንገጡ ነው።

«አቦ ማዘር፣ ይሄን ያህል ምን አለው» አለኝ። «ነጻ ነው እኮ። አስከፍያቸዋለሁ እንዴ?»

ደግሞ ሊያስረዳኝ ሞከረ። በራሱ ስልክ ቁጥር ለደንበኞቹ ኢሜይል ሲከፍት ቆይቶ፣ በአንድ ቁጥር ከዚህ በላይ አይከፈትም የሚል ነገር መጣበት። ያኔ የሴቶቹን የየራሳቸውን ቁጥር ማስገባት ይችል ነበር። ኮድ እስኪገባ መጠበቅ አለ፣ ፓስዎርድ ምን ላድርግልሽ ብሎ መጠየቅ አለ፣ ማስረዳት አለ። ወረፋው ረዘመበትና የሱቁን ኢሜይል ለሁሉም ከፈተው። ፓስዎርድ ብሰጣቸው ይረሱታል አለኝ። ቢሰጣቸው ኖሮ ይረሱ እንደሆነ እናይ ነበር። ያቺ ሴት በቀፊራ ማን ምን እንደወሰደባትና መቼ እንደሚመልስ በቃሏ ይዛ የምታድር ናት፤ አንዲት ፓስዎርድ ናት የምትከብዳት?

ጎረቤቴ በሶማልኛ ስታወርድበት «ኢዶ፣ ኢዶ» እያለ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ሊያባብላት ሞከረ። መጨረሻ ላይ ሰልችቶት መፍትሔ አመጣ፦ ኢሜይሉን ከነፎቶው አሁኑኑ ላጥፋው፣ ይለቅ። ጣቱን ወደ ስልኩ ሰደደ። ልጅቷ አጥፋው አለችው።

እጁን ያዝኩት። ለሁሉም እንደ ጎረቤቴ ነው ያደረገላቸው፤ ፎቶአቸውን ከስልካቸው ላይ ጠርጎ እዚያ አስቀምጧል። ኢሜይሉ ከጠፋ የስንቷ ሴት የልጅ ልደት፣ የስንቷ የሟች እናት ፎቶ አብሮ ይጠፋል። ለልጅቷ ይህንን ስነግራት ተቆጣች፤ እኔስ፣ የእኔስ አለችኝ። ልክ ናት። በእያንዳንዷ ደቂቃ የምትቃጠለው እሷ ናት። እናትየዋ መሐላችን ቆማ አንዴ እኔን አንዴ ልጇን ታያለች።

ሌላ መንገድ አለ አልኳቸው። ፓስዎርዱ ይቀየር፣ ኢሜይሉም ከሁሉም ስልክ ላይ ይውጣ። ያኔ ማንም ምንም አያይም፣ ማንም ምንም አይጠፋበትም። ፎቶዬ ጠፋ የምትል ሴት ራሷ እዚህ ትመጣለች፤ ስትመጣ የራሷን ታወጣለች። አዲሱን ፓስዎርድ ልጅቷ ብቻ ታውቀዋለች። ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ቁጥርም ከእሱ ወደ እሷ ይቀየራል፤ ያ ካልተቀየረ ነገ ዞሮ ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ እምቢ አለ። ኢሜይሉ የእኔ ነው፣ ሱቄ ነው፣ የደንበኛ ቁጥር ሁሉ አለበት አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ሚስትህ ስልኳን ማን ጋ ነው ያስከፈተችው?»

ማኘኩን ተወ። በዓይኑ ሲያሰላ ታየኝ፤ ሚስቱ ስልኳን ለማን ሰጥታ፣ እሱ ምን አስገብቶበት፣ እሷ ቤት ውስጥ ምን እያነሳች። ላቡን ጠረገ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የባሰ ተናደድኩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያላስደነገጠውን አንድ ሚስቱ አስደነገጠችው።

ከገዛ ሱቁ አስወጣነው። በዚያ ፀሐይ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ልጅቷ ፓስዎርዱን ቀየረች፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። የስልኮቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አስወጣች። ቁጥሩን ቀየረች። ከዚያ የሂናውን ቀን ፎቶ መፈለግ መጣ። በዚያው ቀን በየቤታቸው ያነሱ የሌሎች ሴቶች ፎቶም ኢሜይሉ ላይ ስላለ ጎረቤቴ ለእኔም ለራሷም ማየት ከለከለች፤ ሁለታችን ግድግዳውን እያየን፣ ልጅቷ ብቻዋን መረጠች። የራሷን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫነች፣ ከኢሜይሉ ላይ አጠፋች። አልቋል ብላ ስትነሳ መልሼ አስቀመጥኳት። ያጠፉት ፎቶ ቶሎ አይጠፋም፤ መጣያው ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ማንም መልሶ ያወጣዋል። መጣያውንም ባዶ አደረገችው።

ሴቶቹ በማግስቱ መምጣት ጀመሩ። ሰውዬው ወደ እኔ ይልካቸዋል፤ ልጅቷ ዓርብ ከሰዓት እየመጣች ኢሜይሉን ትከፍታለች፣ የመጣችው ሴት የራሷን ትመርጣለች፣ እኔ በራሷ ቁጥር አዲስ ኢሜይል አወጣላታለሁ። ከዋሂል ድረስ የመጣች አለች። የሳፋው ሕፃን እናትም መጣች፤ ስትሰማ ስቃ ስቃ ከዚያ አለቀሰች። ለሁሉም አንድ ነገር እላለሁ፤ ለእናንተም ልበል። ቁጥሩ የራስሽ ይሁን። ፓስዎርዱን ራስሽ ጻፊው፣ ማንም አጠገብሽ አይቁም። ፎቶሽ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። ሰውዬው ቢሰለች ይሰልች፤ እሱ እስኪሰለች አለመጠየቃችን ነው ይህን ያመጣብን።

እስከ ዛሬ የሂናውን ፎቶ ማን አይቶት እንደሆነ አናውቅም። አንዲት የማናውቃት ሴት ከፍታ፣ ፈገግ ብላ አልፋው ይሆናል። የዚያች ሴት ባል አይቶት ይሆናል። ወንድሟ አስቀርቶት ይሆናል። ይህንን የሚነግር ኮምፒውተር የለም። ልጅቷ ለባሏ አልነገረችም፤ መንገድ ላይ ወንድ ትኩር ብሎ ሲያያት ያ ይሆን እያለች እንደምትሄድ ነግራኛለች።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ከቀፊራ ስትመለስ፣ የቅመም ጆንያዋን ደጄ ላይ አስቀምጣ ገባች። አሁን ስልኬ የራሴ ነው፣ ኢሜይሌም የራሴ ነው፣ ፓስዎርዴን ማንም አያውቅም፤ እንግዲህ የሂናውን ፎቶ ትላክልኝ፣ አንቺ ንገሪያት አለችኝ። ልጇን ደፍራ መጠየቅ አልቻለችም። ደወልኩ፤ እናቷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አሁን ምንም ስጋት እንደሌለ አስረዳኋት፤ እኔው ራሴ እንዳስተካከልኩት ነገርኳት። ልጅቷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አውቃለሁ፣ አንቺን አምንሻለሁ» አለች። «ግን አልልክም። ሆዮ ማየት ስትፈልግ እኔ ቤት ትምጣ፣ እኔ እጄ ላይ ይዤ አሳያታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከእናትየው ቁጣ ጠበቅኩ፤ ቁጣስ እኔ ጋም ሞልቶ ነበር፣ ላበድራት እችል ነበር። እሷ ግን ሻሿን አስተካከለች፣ ጆንያዬን ጥግ አስይዥልኝ አለችኝና ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ወዴት ነው ብላት፣

«ልጄ ቤት» አለችኝ። «እንዳይመሽብኝ።»