የተወነጀለው ትራምፔት

ሙዚቃ ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ ኖታ ግን እስከ ዛሬ አላነብም። መጀመሪያ በካሴት ሸጥኩ፤ ካሴት ሲሞት በሜሞሪ ካርድ እየጫንኩ ሸጥኩ፤ ያም ሲሞት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ሱቄ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር አስገባሁ። ማንበብ የማልችለውን አትሜ መሸጤ አያሳፍረኝም። መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ታሞ አያውቅም።

የኖታ ደንበኛዬ አንድ ሰው ነበር፤ ጎሬ የሚያስተምር፣ በቤተ ክርስቲያኑም መዘምራንን የሚመራ መምህር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ ከሚኒባስ ወርዶ እየሮጠ ገባና ላፕቶፑን ከጃኬቱ ስር አወጣ።

«እትዬ፣ አዲሱን ቨርዥን አገኘሁት!»

«ደኅና አደሩ ማለት በአዲሱ ቨርዥን ቀርቷል?»

«ይቅርታ፣ ደኅና አደሩ? ብቻ ይዩት!»

እውነቱን ለመናገር የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ድሮ አንድ መዝሙር ጽፎ ሲጨርስ ስህተቱን የሚፈልገው በጣቱ ነው፤ መስመር በመስመር፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው። አሁን አንዲት ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ ራሱ ገጹን ከላይ እስከ ታች ይፈትሽና የጎደለውንና የተጋጨውን በቀይ ያሰምርበታል። ጠቅ ሲያደርጉት ምን እንደጠረጠረ ይናገራል። በወረቀት ያለ ኖታ በስልክ ፎቶ ሲያነሱለት ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል።

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። አዲስ ሚዛን የሚፈተነው ክብደቱ በሚታወቅ ዕቃ ነው።

«እስቲ የአምናውን መዝሙር አስፈትሸው» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። በየዓመቱ ከመቱ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ መዘምራን ጎሬ ላይ ይሰበሰባሉ። አምና የእሱ ቡድን ሲዘምር ትራምፔቱ መሃል ላይ ገባና መዝሙሩ እንደ ተጣላ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ሳቀ። የነፋው የመቱ ባጃጅ ነጂ ነው። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የነፋሁት» ቢል ማን ሰምቶት! ትራምፔቱን አልጋ ስር ከተተው። ተራ ይዞ ሲቆም ጓደኞቹ፣ «ካንተ ትራምፔት የባጃጅህ ጡሩምባ ይሻላል» ይሉታል። ይህችን ቃል መጀመሪያ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ክፋት ኖሮኝ ሳይሆን አፌ ላይ ስለመጣችልኝ ነበር። በማግስቱ ከተማውን አዳረሰችው።

ዘንድሮም መምህሩ ሁለት ጊዜ ለምኖት እምቢ ብሏል። ጉባኤው ነገ ነው፤ ያው የአምናው መዝሙር ያለ ትራምፔት ሊቀርብ ነው።

«የአምናው ፋይል ከድሮው ላፕቶፕ ጋር ሞቷል» አለ መምህሩ፣ ግልግል በሚመስል ድምፅ።

«ወረቀቱ አለኛ!»

እኔ ወረቀት አልጥልም። የተረፉት ቅጂዎች ጀርባቸው ነጭ ስለሆነ ለመጠቅለያ አስቀምጫቸው ነበር። ፎቶ አነሳው። ኖታው እንደ ጉንዳን ሰልፍ ስክሪኑ ላይ ሲደረደር እንደ ልጅ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። መፈተሻዋን ተጫነ። የመጀመሪያዎቹ ቀዮች ጥቃቅን ነበሩ። አንዷ ግን አሳቀችን፤ በየስንኙ መጨረሻ «አንድ ምት ጎድሏል» ይላል።

«አልጎደለም» አለ መምህሩ። «የኛ እናቶች ቀጣዩን ስንኝ ለማንሳት አይታገሡም። ያቺን ምት እነሱ ናቸው የሚወስዷት።»

«እንግዲያው ማን እንደወሰዳት ንገረዋ።»

«ይለፍ» የሚል ምርጫ አለው፤ ተጫነውና ቀዩ ጠፋ። ተከራክሮ መሸነፍ የሚችል ማሽን ሳይ ይበልጥ ወደድኩት።

ወደ ታች ሲወርድ የትራምፔቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «እነዚህ ሁለት መስመሮች አንድ ዜማ ይዘዋል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የድምፅ ደረጃ ተራርቀዋል።»

መምህሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ አገር ኪቦርድ ተጫዋች ጣቱ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። ዘማሪው ከፍ ይበልልኝ ሲል ጣቱን አይቀይርም፤ ድምፁን የምታነሳውን ቁልፍ ተጭኖ እዚያው በለመደበት ይጫወታል። መምህሩ የዘማሪዎቹን መስመር በጆሮው ሰምቶ ጻፈ። የትራምፔቱን ግን ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጣት ላይ ገለበጠ። ቁልፏ ተጭና እንደነበር ረሳ። ጣቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ።

«እና ሰውዬው በትክክል ነው የነፋው?»

«የተሳሳተውን ወረቀት በትክክል ነፋ፣ እትዬ።»

ስልኬን አንስቼ ነጂውን ቶሎ ና አልኩት። ከባጃጁ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «የት ላድርስዎት፣ እትዬ?» አለኝ።

«የትም። ግባ።»

መምህሩ ቀዩን መስመር አሳየው፤ ከዚያ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀው፤ ረጅም ይቅርታ ነበር።

«ዓመት ሙሉ ስነግራችሁ ነበር» አለ ነጂው። «እዚህ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ማለት ቀላል ነው። የተሳቀብኝ ውጭ ነው።»

እውነቱን ነው። ስፒከሬን በሩ ላይ አወጣሁት። ዝናቡ አባርቶ ባጃጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። መምህሩ በመጀመሪያ የአምናውን እንዳለ አጫወተው፤ ከኮምፒውተሩ የወጣው መዝሙርም ልክ እንደ አምናው ለሁለት ተከፈለ።

«ይኸው! ያንተ ጡሩምባ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ነጂ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

«የሱ አይደለም። አሁን የነፋ ሰው አያችሁ?» አልኳቸው። «ወረቀቱ ነው። ያተምኩት እኔ፣ ስድቧንም ያወጣሁት እኔ። አሁን ደግሞ ይቺን ስሙ።»

መምህሩ አንድ ጊዜ ተጫነ፤ የትራምፔቱ መስመር እንዳለ አንድ የድምፅ ደረጃ ከፍ አለ። እንደገና አጫወተው። ገጠመ! ኖታ ባላነብም የገጠመ ዜማ ሰውነቴን ይወረዋል፤ ያን ቀን ወረረኝ። ከሰልፉ የሚስቅ ጠፋ። ያ ጯሂ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «እኛ ምን እናውቃለን ወንድሜ፣ ሲሉ ሰምተን ነው» አለና እኔን አየኝ። የሚገባኝ ነው።

ነጂው ወደ መምህሩ ዞረ። «ነገ ሚኒባሱ በስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ወረቀቱን ስጡኝ፣ ልለማመድ። አፌ ዝጓል።»

ፕሮግራሙ የሱን ገጽ ለብቻው ቆርጦ አወጣው፤ እኔም አተምኩለት።

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፤ ግን በማግስቱ ጎሬ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ትራምፔቱ የሚገባበት ደረሰ። ገባ፤ ዘማሪዎቹንም ከፍ አድርጎ ይዟቸው ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «የአምናው አይደለም እንዴ? ተምሮ መጣ መሰለኝ» አሉኝ።

«አልተማረም። አምናም ይችል ነበር።»

«ኧረ ተዪኝ፣ በጆሮዬ የሰማሁትን!»

ነገሩን እንዲህ ልተወው አልቻልኩም። መዝሙሩ እንዳለቀ እጃቸውን ይዤ መምህሩ ዘንድ ወሰድኳቸውና፣ ላፕቶፑን ክፈትና የአምናውን ቀይ መስመር አሳያቸው አልኩት።