ሰባተኛው ምሰሶ ሥር

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች «አባ መርዝ» ይሉታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ ሐዲዱን ተከትሎ እየሄደ አረም ሲያደርቅ ስለኖረ ነው። ስሙን እሱም ወዶት ነበር።

ጡረታ ግን አልተስማማውም። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ይቅበጠበጣል። ተነስቶ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የተዘጋውን ቧንቧ ዳግመኛ ያጠብቃል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ እንዲህ ላለ ሰው አይበቃም። ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እሱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጨርቁ መሬት ይወድቅባታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ» አለችው አንድ ቀን። «ልቤን እኮ አወለቅኸው።»

ወጣ። እግሩ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ሐዲዱ ዳር ወሰደው።

ዝናቡ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ በጠጠሩ መሃል ቡቃያው ተግተልትሎ ወጥቷል። ሁሉንም ያውቃቸዋል። ሰርዶን፣ ሳማን፣ አሜከላን ማን አያውቅም? እሱ ግን ገና ከመሬት ብቅ ሲሉ፣ በአራት ቅጠላቸው ነው የሚለያቸው። ስም ላላገኘላቸው ራሱ ስም አውጥቶላቸዋል። ሐዲዱን ተከትለው ከተተከሉት ምሰሶዎች ሰባተኛው ሥር አንዷን አገኛት። ቅጠሏ ክብ ነው፣ ጠርዙ ፀጉራም፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥር ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። «ሆደ ሐምራዊ» ይላታል። ጎንበስ ብሎ ሲያያት ድንገት አንድ ነገር ቆረቆረው፤ አበባዋን አይቶት አያውቅም።

እንዲህም ያለ ትውውቅ አለ! ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቃት ተክል ቀይ ታብብ ነጭ፣ አያውቅም። መድኃኒቱ የሚረጨው በአራት ቅጠላቸው ነውና ከዚያ በላይ ዕድሜ ሰጥቷቸው አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ጠዋት ሄዶ ያያታል፣ ከምሳ በኋላ ሄዶ ያያታል። ዝናቡ በረታ ሲል ጠጠሩ ተንዶ ቀበራት ብሎ የጀመረውን ጉርሻ ትቶ ይነሳል። ሌላ አንዷን ከነአፈሯ ነቅሎ በጣሳ ቤት አምጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ልብ ብላ ሳታያት በሁለተኛው ቀን ጠወለገችበት።

«አበባ ካማረህ ገበያው ሞልቶልህ የለም?» አለች ባለቤቱ።

«ይቺን ነው ማየት የምፈልገው። አንድ ጊዜ ብቻ። ምን ስገድል እንደኖርኩ ልወቅ።»

መኪናዋን አቆመች። ቀና ብላ አየችውና መስፋቷን ቀጠለች።

ጭንቁ የርጭቱ ቀን ነበር። ቀኑን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መርሐ ግብሩን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። አሁን የሚረጨውን ተተኪውንም ያሠለጠነው እሱ ነው። ያንን ሰው አንድ አሜከላ ሳይረጭ ስላለፈ «ዓይንህን ቤት ረስተኸው መጣህ?» ብሎ በጓደኞቹ ፊት አዋርዶታል። ዛሬ ሄዶ «እባክህ አንዷን እለፍልኝ» ማለት ሞት መሰለው። ሲብሰለሰል ሰንብቶ አንድ ዘዴ መጣለት። ለረጪዎች ሁሉ ያስተማረው የማይሻር ደንብ አለ፤ ሐዲዱ ዳር ሰው ካለ አሥር እርምጃ ሲቀርህ ዝጋ፣ አሥር እርምጃ ካለፍከው በኋላ ክፈት።

«ሰባተኛው ምሰሶ ሥር ቁጭ ማለት ነው፤ አለቀ» አላት ለባለቤቱ።

በርጭቱ ዕለት ጠዋት ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። ያስለዋልና ሦስት ወር የጠበቀው የደረት ራጅ ቀጠሮ ወደዛሬ ተዛውሯል። «ዛሬ ካልመጡ እንደገና ሦስት ወር ይጠብቃሉ» አለችው ደዋይዋ። እቀራለሁ ሲል ባለቤቱ ጃኬቱን አለበሰችው።

«ደረትህን ታይ። ቅጠሉ የትም አይሄድ።»

«ቅጠሉማ የት ይሄዳል? መርጫው ነው የሚሄደው።»

ተራ መጠበቂያው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አልረጋ ብሎ የሰው እግር ሲረግጥ ዋለ። የራጅ ባለሙያው «ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ» አለው ሦስት ጊዜ፤ ሦስቴም ተንቀሳቀሰ።

እንደጨረሰ በታክሲ እስከ ባቡር ጣቢያው መጥቶ በሐዲዱ ዳር ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ገሰገሰ። የመድኃኒቱ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ግን ከሩቅ ጥቁር ጃንጥላ ታየው። ከጃንጥላው ሥር ባለቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዩኒፎርም ቁልፍ ትተክላለች። ደስታው እንደ ሕፃን ሊያስሮጠው ምንም አልቀረው።

አምስተኛውን ምሰሶ አለፈ፣ ስድስተኛውን አለፈ። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ግን ማንም የለም፤ ጃንጥላው ገና ከፊቱ ሩቅ ነው። ሆደ ሐምራዊ በመድኃኒት ርሳ ታብለጨልጫለች።

ያኔ ገባው። የባቡር ሰው ምሰሶ የሚቆጥረው ከጣቢያው ነው። ባለቤቱ ግን የባቡር ሰው አይደለችም፤ ከቤቷ ወጥታ ከቤቷ ቆጠረች። ቅስሙ ስብር አለ።

«ዘጋልኝ» አለችው ገና ሲደርስ። «‹እትዬ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?› አለኝ። ‹አንተ ደንብህን አክብር› አልኩት። ሳቀና ዘግቶ አለፈ።» ፊቷ በርቷል፤ ጀርባዋን በመዳፏ ትደግፋለች፤ ለካ ከጠዋት ጀምራ ከዚያ አልተነሳችም።

ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ጎበዝ» አላት።

በማግስቱ ያተረፈችለትን ሃያ እርምጃ በጉልበቱ እየዳኸ አሰሰው። ሆደ ሐምራዊ የለችም። ሌሎች ግን አሉ። ከመካከላቸው አንዷን፣ ቀጭን ቅጠሏን አይቶ «መርፌ» የሚላትን፣ ስንት ዓመት ዞር ብሎ ሳያያት ረጭቷታል። ባለቤቱ አሁን ስፌቷን ከመጀመሯ በፊት በየጠዋቱ አብራው ትመጣለች። እሱ ይንጎራደዳል፣ እሷ ታያለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «መርፌ» ስታብብ ቀድማ ያየችውም ባለቤቱ ናት። አበባው የሸሚዝ ቁልፍ ቢያክል ነው፤ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው።

«እሷ ናት?» አለችው።

ዓይኗን አየ። «እሷ ናት» አላት።

ተንበርክካ በጣቷ ጫፍ ነካቻት። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን?»

«ይቺንም» አለ። አጠገቧ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ደግሞ መቅበጥበጥ ጀመረ፤ ዓይኑ ወደ ጣቢያው በኩል ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል።

«ለከርሞ» አላት፣ «ሁለት በርጩማ ይዘን ነው የምንመጣው።»