ገመቹን ከመስመር ወደ መሃል ያመጣን ጊዜ

አምቦ ውስጥ የአንድ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ፊሽካ የነፋሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም አልሰማውም። ዋናው አሰልጣኛችን ኮች ደቻሳ «ይቺ ልጅ ለራሷ ነው እንዴ የምትነፋው?» ሲል ተጫዋቾቹ ሳቁ። በስፖርት ሳይንስ ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር።

ሥራዬ ኮን መደርደር፣ ሰውነት ማፍታታትና ጨዋታ እያየሁ መመዝገብ ነበር። ስለማፍር ብዙ አልናገርም፤ ብዙ እጽፍ ነበር።

የቀኝ መስመር ተከላካያችን ገመቹ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከኋላው ኳስ ሲጣል ሮጦ አይደርስም። ክለቡ ኮንትራቱን ሊያድስለት አልፈለገም። ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ግን ኳሱ የት እንደሚወድቅ ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሆኖ አገኘሁት። የመሃል ተከላካይ ቢሆን የሚሮጠው ያጥርለታል። ይህንኑ ጽፌ ለኮች ደቻሳ ሰጠሁት።

«ቁመቱስ?» አለኝ።

«የአየሩን ኳስ መሃል አብሮት የሚቆመው ይገጫል፣ እሱ ከኋላ ይሸፍናል።»

«እሺ፣ ጊንጪ ላይ በወዳጅነት ጨዋታ እንየው። ካልሆነለት ይሸኛል። አንቺ ንገሪው።»

«እሺ» አልኩ። አልነገርኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ስለዘነበ ልምምዱ ሩጫ ብቻ ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።

ገመቹ አዲሱን ቦታውን የሰማው ጊንጪ ደርሰን አሰላለፍ ሲነበብ ነው። ሜዳ ሲገባ እግሩ የለመደውን አደረገ፤ የተጋጣሚያችንን የመስመር አጥቂ ተከትሎ እስከ ማዕዘኑ ሮጠ፣ መሃሉ ባዶ ቀረ፣ ጎል ገባብን። ሁለተኛውም እንደዚያው።

በእረፍት አጠገቤ ተቀምጦ ታኬታውን መፍታት ጀመረ።

«አርጅተሃል ለማለት እዚህ ድረስ ማምጣት ምን አስፈለገ፣ እህቴ?»

«አላረጀህም» አልኩት። «ማለቴ… እግርህ አርጅቷል። ማየትህ ግን እንዳለ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ኧረ ይቺ ልጅ ትናገራለች ለካ!»

ጭቃው ላይ በጣቴ ሣልኩለት። «አጥቂው ወደ መስመር ሲወጣ ያንተን ቦታ የያዘው ልጅ ይከተለው። አንተ አትሩጥ። የሚሻገረውን ኳስ ቆመህ ጠብቅ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሩጥ ስባል ኖሬ!» አለና ታኬታውን መልሶ አሰረ።

ከእረፍት በኋላ አልገባብንም። «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ ልጁን ወደ ኋላ ሲጠራ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማ ነበር። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ኮች ደቻሳ ዞሮ «ይቆያል» አለኝ።

ገመቹ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተጫወተ። አሁን ሌላ ከተማ ነው የምሠራው፤ ዝናብ የመታው ሜዳ ባየሁ ቁጥር ያ ቡድን ይናፍቀኛል። የተጫዋች ቦታ የምቀይር ከሆነ ለማንም ከመጻፌ በፊት ለራሱ እነግረዋለሁ።