አንድ ደረጃ ለሴትም ለወንድም

ሰው ማመን አይሆንልኝም። ጅማ ከተማ ልብስ ስሰፋ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ እንኳ በኋላ «ቆርጠህ አስቀርተሃል» እንዳይለኝ ፊቱ ለክቼ ነው የምረከበው። እንግዲህ ልጆቼ የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት «የሴቶቹ ማደሪያ ጣሪያ እስኪጠገን ሴቶቹም ወንዶቹም አንድ ሕንፃ ውስጥ ያድራሉ» ብሎ ሲነግረን እንዴት እንደሆንኩ መገመት ነው።

«ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች ናቸው፤ ምንም ስጋት አይግባችሁ» አለ ርዕሰ መምህሩ። አትስጉ ሲሉኝ ይብስብኛል። ሄጄ አየሁት፤ ፎቁ ሁለት ቢሆንም ደረጃው አንድ ነው። የማደሪያዋ ተቆጣጣሪም ከተማሪዎቹ ይልቅ ስልኳን የምትቆጣጠር መስላ ታየችኝ።

ሴቷ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ወንድሟ ደግሞ አስራ አንደኛ። እሷን ላስወጣት አሰብኩና ትምህርቷን እንዴት እንደምትወድ ስለማውቅ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ወንድሟን ለብቻው ጠራሁት። «ከእራት በኋላ የላይኛው በር እስኪዘጋ ደረጃው ሥር ቁም። ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚወርድ ቅዳሜ ቅዳሜ ደውለህ ንገረኝ። ለማንም እንዳታወራ፤ ለእህትህም ቢሆን።»

«አባዬ፣ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

«የፈለጉትን ይበሉ» አልኩት። በየቅዳሜው ደወለልኝ። ምንም የለም ባለኝ ቁጥር፣ የሆነ ነገር አምልጦት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

ወር ሳይሞላ ለወላጆች ስብሰባ ተጠራን። ከሰርቦ የመጡ አንዲት ቡና ነጋዴ ተነሡ። «ማሎ፣ እባካችሁ ስሙኝ» አሉ። «ማታ ማታ ደረጃው ሥር የሚቆም ወንድ አለ። ሴቶቹ ሲወጡም ሲወርዱም ያያቸዋል። ምን ፈለግህ ሲሉት አይመልስም። ልጄ እሱ እንዳያያት ብላ እራት ትታለች፣ ወላሂ።»

ደሜ ፈላ። እዚያ ሰው ያቆምኩት እኔው ሆኜ ሳለ፣ ሴትዮዋ የሚሉት ልጅ ሌላ መሰለኝ። የእኔው ጠባቂ ነው፤ ጠባቂን ማን ይፈራል? እንዲያውም እንዲህ ያለውን ዱርዬ አይቶ ሳይነግረኝ መቅረቱ አናደደኝ። ብድግ ብዬ «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ዛሬውኑ ይባረር» አልኩ። ቤቱ አጨበጨበልኝ።

ርዕሰ መምህሩ ግን አላጨበጨበም። አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ የእርስዎ ነው። ለምን እንደሚቆም ብንጠይቀው አልናገርም ብሎናል።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ዝም ብዬ ብወጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ዝም ካልኩ ልጄ መባረሩ ነው። «ያቆምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እህቱን እንዲጠብቅ።»

የሰርቦዋ ሴትዮ ዞረው አዩኝ። «ከማን እንዲጠብቃት?»

ከናንተ ልጆች ነበር መልሱ። አልወጣልኝም።

ልጁ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ከስብሰባው ስወጣ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት፤ ከስቷል።

«ይባረር ያልከው አንተ ነህ አሉኝ» አለ።

«አንተ መሆንህን አላወቅኩም።»

«ሌላ ልጅ ቢሆን ይባረር ነበር?»

ትከሻውን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ሸሸት አለ።

«ለእህቴ አንተ ንገራት» አለኝ። «ካናገረችኝ ሦስት ሳምንት ሆናት። እሷም እንደ ሌሎቹ ሴት ለማየት የምቆም ይመስላታል።»