ለንፋስ የሰጠሁት ሳል

መጀመሪያ የተሰማኝ ሳል አልነበረም፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታችን ደረጃ ስወጣ ከደረቴ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት ነበር። ክረምት መግቢያ ላይ ይመስለኛል። ዝናቡ በረንዳ ላይ ስላስቸገረን፣ መብራት ሲጠፋ የምናበስልበትን የከሰል ምድጃ ወደ ሳሎን ያስገባነውም ያኔ ነው።

ሳሉ ሲከተል ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ያየችኝ ሐኪም አስም መሆኑን ነግረውኝ ኢንሄለር አዘዙልኝ።

«የሚብስብዎት መቼ ነው?»

«መስኮት ሲከፈት፣ ንፋስ ሲመታኝ» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ባለቤቴ አልማዝ ይህን ሰምታ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች፤ የበሩንም ሥር በጨርቅ ደፈነች። አመሰገንኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጠረኝ። መናገር አቃተኝ። ከንፈሬ ጠቆረ። ጎረቤቶች ተሸክመው አወረዱኝ። ኦክስጅን ተደረገልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

«ሁለተኛ እንዲህ ቢታመሙ ላይተርፉ ይችላሉ» አሉኝ ሐኪሟ። «ንፋስ ብቻውን እዚህ አያደርስም። የቤትዎን አየር ይመርምሩ።»

ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምረው ወዳጄ ተስፋዬ፣ በርካሽ ዕቃዎች የገጣጠማትን የደቃቅ ብናኝ መለኪያ አምጥቶ ሳሎን ውስጥ ሰካት።

«ሚስቱን ትቶ ሳጥን ሊያምን ነው?» አለች አልማዝ።

«ሳጥኗ ቢያንስ አትቆጣውም» አላት ተስፋዬ።

ከሳምንት በኋላ መለኪያዋ የመዘገበችውን በስልኩ አሳየን። ከሰል በተያያዘ ቁጥር ብናኙ ያሻቅባል፤ ቤቱ ታፍኖ ለአፍታ መስኮት ሲከፈት ይወርዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። መስኮት የምንከፍተው ቤቱ ሲታፈን ነበርና፣ በጭሱ የጀመረኝን ሳል ለንፋሱ ሰጥቼው ኖሯል።

አልማዝ ከበሩ ሥር ጨርቁን ነቀለች። «ልገድልህ ነበር እኮ» አለች።

«ዝጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ምድጃው በዚያው ዕለት ወጣ። መብራት ሲጠፋ በሲሊንደር ጋዝ ማብሰል ጀመርን፤ መስኮቱም ቀን ቀን ክፍት ሆኖ እየዋለ፣ ኢንሄለሬንም ሳላቋርጥ እየወሰድኩ፣ ቀስ በቀስ ያለ ዕረፍት አራተኛ ፎቅ ለመድረስ በቃሁ።

እንደ እኔ ለምትታመሙ፦ መቼ እንደሚብስባችሁ ስትጠየቁ ትዝታችሁን ብቻ አትመኑ፤ ያን ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይነድ እንደነበርም ተናገሩ። እንዲህ ያለች መለኪያ ሐኪም አይደለችም፤ ጭስ የሌለውን የፍም መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንም አታይም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ፍም ይዛችሁ በር አትዝጉ።

ሐኪሟን፣ ተስፋዬንና የተሸከሙኝን ጎረቤቶች አመሰግናለሁ። አልማዝን የማመሰግነው ግን በየጠዋቱ ነው፤ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ደርባልኝ መስኮቱን ስትከፍት።